ጎኗን የያዘችው ሴትዮ

አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ፊቷ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ ነው የሚመስለው፤ ደስታም ንዴትም የለበት። የሹራቧን ቁልፍ አዛንፋ ቆልፋለች። እኔ መቼም አፌ አያርፍ፣ "ልጄ፣ ለሰርግ ነው ለልቅሶ?" አልኳት።

"ለወንድሜ ኩላሊት ልሰጥ ነው፣ እማማ። አምና የአውሮፕላኑ በር ሊዘጋ ሲል ፈርቼ ወረድኩ። 'ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ' አለኝ። አሁን ሐኪሞቹ ሌላ ጊዜ የለውም አሉ።"

ይህን ሁሉ የምትነግረኝ የሰው ወሬ እንደምታወራ ነው።

አውሮፕላኑ ድንገት ተንገጫገጨ። እኔ "ጉድ ፈላ!" ብዬ በወዲያ በኩል የተቀመጠውን ሰውዬ ክንድ ጨበጥኩ፤ እንኳንም መልከ መልካም ሆነ! እሷ ወንበሩንም አልያዘች። የሕፃን ጭንቅላት እንደሚደግፍ ሰው መዳፏን ጎኗ ላይ አደረገች።

"አንቺ፣ ዘንድሮ አትፈሪም እንዴ?"

"እንጃ፣ እማማ። እሱ በደህና ይድረስ እንጂ።"

"እሱ" የምትለው ኩላሊቱን ነው።

ካረፍን በኋላ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ለማውረድ ሲጋፋ እሷ ንቅንቅ አላለችም።

"ተነሺ እንጂ፣ ደረስን እኮ!"

"እግሬ አይሰማኝም። ይጎትቱኝ።"

ለራሴ ጎታች የምፈልገው አሮጊት፣ ጎተትኳት።