ከንብ እርባታ ኋላ የተደበቀው ፊዚክስ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ እንጅባራ ካለው ቤታችን ሳሎን ተቀምጣ ስታጠና፣ የክፍል ጓደኛዋ ሳታንኳኳ ገባች። ልጄ ቀና እንኳ ሳትል ግራ ክንዷን ደብተሯ ላይ ዘረጋችው።

«ምን እያጠናሽ ነው?»

«ኧረ ምንም፤ ዝም ብዬ ነው።»

ሦስት ሳምንት ከዚያ ወንበር ያልተነሣች ልጅ ናት፤ ወንበሩ ሥር ሊያወጣ ምንም አልቀረው። ከኔ የወረሰችው አፍንጫዬን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያ ክንድ ግን የኔ ነው። ሳየው የዳንግላው ትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ሽታ መጣብኝ፤ የእርጥብ ወረቀት፣ የአይጥ፣ ወለሉ የሚወለወልበት የናፍጣ ሽታ።

ስማኝማ፤ ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን በስሙ የሚጠራ ተማሪ አልነበረም፤ በደረጃችን ነበር የምንጠራራው። እኔ «ሁለተኛው» ነበርኩ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁለተኛ፣ ሳስነጥስ እንኳ ከሌላ ሰው ቀጥዬ። አንደኛዋ ከገጠር በየቀኑ ጭቃ እየረገጠች የምትመጣ፣ ከአባቷ ጋር በአዊኛ ከኛ ጋር ባማርኛ የምታወራ ቀጭን ልጅ ነበረች። የምትበልጠኝ በአንድ ነጥብ፣ አንዳንዴም በግማሽ ነው። በሃያ ብትበልጠኝ እኮ አርፌ እተኛ ነበር! ግማሽ ነጥብ ግን እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ናት። አባቴ ካርዴን ባየ ቁጥር፣ «እና ይህቺ ልጅ ሁለት ጭንቅላት አላት?» ይለኝ ነበር።

የፊዚክስ መምህራችን ፈተና የሚያወጡት ከአንድ አጋዥ መጽሐፍ ነው፤ ቁጥሩን ለመቀየር እንኳ የሚሰንፉበት ጊዜ ነበር። መጽሐፉ በመላው ዳንግላ አንድ ብቻ ሲሆን ከላይብረሪ አይወጣም። ስለዚህ ጎበዝ የተባልነው ሁሉ አንድ ልማድ ነበረን፤ አንብበን ስንጨርስ መጽሐፉን በቦታው አንመልስም። ኬሚስትሪውን ልብ ወለድ መሐል፣ ሒሳቡን መዝገበ ቃላት ሥር እንሸጉጣለን። የላይብረሪዋ ሠራተኛ፣ «እናንተ ልጆች፣ መጽሐፉ ሁሉ እግር አወጣ እንዴ?» እያሉ ሲፈልጉ ይውላሉ። እኔ በዚህ ሙያ ፕሮፌሰር ነበርኩ። ፊዚክሱን ከታችኛው መደርደሪያ፣ ስለ ንብ እርባታ ከሚያወሩት መጻሕፍት ኋላ ደበቅሁት። እነዚያን መጻሕፍት ንብ ራሷ ነክታቸው አታውቅም።

የሰኔ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንደኛዋ ላይብረሪው በር ላይ አስቆመችኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ፀጉሯ ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«ፊዚክሱን አይተኸዋል?»

«እኔ? ከተወለድኩ አላየሁት።»

«በማርያም፣ ካየኸው ንገረኝ። አባቴ አንደኛ እስከወጣሽ ትማሪያለሽ፣ ያለዚያ እድርሻለሁ ብሎኛል። ጠያቂዎቹም ሁለቴ መጥተዋል።»

«የኔ አባት ደግሞ ሁለተኛ ከወጣሁ ከዋርካው ላይ ይሰቅለኛል» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የማጋነን ልማድ ያለበት ሰው ክፉ በሽታው ይህ ነው፤ ሌላውም የሚያጋንን ይመስለዋል። «ይድረኛል» ማለቷን እንደኔ ዋርካ ቆጠርኩት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ንቦቹ ሥር አጎንብሼ ያን መጽሐፍ ጠጣሁት። ፈተናው መጣ፤ ጥያቄዎቹ ከነስሕተታቸው የመጽሐፉ ነበሩ። አንደኛዋ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እስክሪብቶዋን ስትነክስ ከኋላዋ አየኋትና ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይቺ ደስታ ናት።

ውጤት የሚነገረው ወላጅ ተሰብስቦ፣ ግቢው ውስጥ ነው። አንደኛ ብለው የጠሩት ግን ሦስተኛውን ልጅ ሆነ! ለካ ያ ሰላቢ ጓሮ ጓሮውን እየተከተለ፣ እኔ መጽሐፉን ሸጉጬ ስወጣ እሱ እያወጣ ሲያነብ፣ መልሶም ንቦቹ ሥር ሲደብቅ ሰንብቷል። ሁለተኛ፣ እኔ። ሦስተኛ፣ እሷ። ያን ሁሉ ተንኮል ሠርቼ ያለሁበት ቦታ ላይ ተገኘሁ፤ በንዴት ፀጉሬ የሚሸብት መሰለኝ።

ሰዉ ሲበተን አባቷ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው መጡ። ቁጡ ሰው መስለውኝ ነበር። የተጨነቁ ሰው ነበሩ።

«አንተ ልጅ፣ ከልጄ ጋር ነው የምትማረው አሉ። ምን ሆና ነው? አሟት ነበር?»

ልብ በል፤ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። «መጽሐፉን ደብቄባት ነው» ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኔ ግን አባቴ በአሥር ክንድ ርቀት ቆሞ ያዳምጣል፣ ሦስተኛው ሽልማቱን ይዞ ይስቃል፣ እኔም በግኛለሁ። ቀልድ መጣልኝ። እኔ ቀልድ ጠፍቶኝ አያውቅም።

«እንግዲህ አባባ፣ ፊዚክስ ለሴት ልጅ ሳይከብድ አይቀርም» አልኳቸው።

አልሳቁም። ጥቂት አሰቡና፣ «እኔም የምፈራው ይኸንን ነበር» አሉ።

እሷ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች፤ ሰምታለች። ካርዷን ዝናብ እንዳይነካው ነጠላዋ ውስጥ ከታ አባቷን ተከትላ ወጣች።

መስከረም ላይ መምህሩ ስሟን ሦስት ቀን ጠሩ። በአራተኛው ቀን ማስመሪያ አስጠግተው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዟት። ሦስተኛውም አባቱ ባሕር ዳር ተዛውረው አብሮ ሄደ። እናም በዚያ ሰሚስተር፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንደኛ ወጣሁ። አባቴ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ፣ ለጋሪ ፈረስ ሳይቀር፣ ነገረ።

በማግስቱ የቅዳሜ ገበያ ላይ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። አባቷ ነበሩ፤ ፈረሳቸውን ይዘው ሁለት ትልልቅ የጌሾ እስር እግራቸው ሥር አኑረዋል።

«ስንተኛ ወጣህ፣ ልጄ?»

«አንደኛ» አልኩ።

«እሰይ! እግዜር ያሳድግህ።» ጎንበስ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። «ሠርጉ ከጾሙ በፊት ነው፤ እንዳትቀር። የክፍል ጓደኛ ማለት ወንድም ነው።»

አፌን ከፈትኩ። እመነኝ፣ ልነግራቸው ነበር የከፈትኩት።

«አሜን» አልኩና፣ ጌሾውን ባንድ ወገን ይዤ ፈረሱ ላይ አጫንኳቸው።