ገብረጻድቅ የቀረጻት እግር

ቱ! የገብረጻድቅን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ምራቄ ይመረኛል።

ሰውዬው አቃቂ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሞዴል ሠሪ ነበር። ብረቱ ቀልጦ ከመፍሰሱ በፊት የዕቃውን ቅርጽ በእንጨት የሚያወጣው እሱ ነው። “ሞዴሉ ከተንጋደደ ብረቱም ተንጋዶ ይወጣል” እያለ ይኮራል።

በደርግ ጊዜ፣ ለሕዝብ የሚታይ የካርቱን ፊልም ሊሠራ ነውና እህል የሚደብቅ ነጋዴ በእንጨት ቅረጽ ተባለ። ሰዓሊዎቹ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛ ላይ አቁመው፣ እያዞሩ፣ እጅ እግሩን እያጠፉ እየዘረጉ፣ አንዷን እርምጃ በስንት ወረቀት ይስሏታል። ገብረጻድቅ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ቀርጾ አመጣ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ጣሰው አየና ፊቱን አጨማደደ።

“ይሄ ማንንም አይመስልም። ሙሀመድዘይንን አስመስለው። እንደሱ ያነክስ።”

ሙሀመድዘይን የወሎ ሰው ነው፤ እህል ነጋዴ፣ ከገብረጻድቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት። እግሩ የተሰበረው የአቃቂ ወንዝ በሞላ ቀን ነው። የገብረጻድቅን ልጅ በላይነሽን፣ ገና ሕፃን ሳለች በትኩሳት ስትነድ፣ አዝሎ ወደ ሐኪም ሲያሻግር ድንጋይ መታው።

“ጓድ፣ እሱ እንኳ ደግ ሰው...”

“ምነው? አንተም ከአሻጥረኛ ጋር ወግነሃል?”

ገብረጻድቅ አሻንጉሊቱን አንሥቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይሁን፣ ፈራ እንበል። ግን እንደነገሩ ጠርቦ ቢሰጣቸውስ ምን ነበረበት? የለም! ያ ያጎረሰውን እጅ ነካሽ፣ ሙሀመድዘይን ሲያልፍ ሲያገድም በመስኮት እያየ፣ ቀኝ እግሩን ጣት ያህል አሳጠረ፣ ጉልበቱ ላይ ማጠፊያ አበጀ። ሲጨርስም አንከስ አንከስ አድርጎ ሞከረውና ደስ አለው። ኧረ እንዴት ያለ ሆድ ነው!

ፊልሙ የታየ ዕለት ሰው ሁሉ በግዴታ ቀበሌው አዳራሽ ገባ። ነጋዴው ጆንያ ተሸክሞ እያነከሰ ብቅ ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሥር ዓመት የሞላት በላይነሽም ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ተንከተከተች።

ከኋላቸው የተቀመጠው ሙሀመድዘይን ጎንበስ አለ።

“ገብሬ፣ እጅህ መቼም ወርቅ ነው፤ እግሬ ልክ ናት። ጆንያው ላይ ግን ተሳስተሃል። ያን ቀን ያዘልኩት ይቺን ልጅ ነበር።”

የበላይነሽ ሳቅ ቆመ። ፊልሙ ላይ የሚያነክሰውን እግር አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ ተነሥታ ሄደችና ሙሀመድዘይን አጠገብ ተቀመጠች።

ገብረጻድቅ ሊጠራት አፉን ሲከፍት ቅርሻት ጉሮሮው ድረስ መጣበት። መልሶ ዋጠው። ፊልሙ ሲያልቅም፣ ጓድ ጣሰው እያየው ነበርና፣ ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ። ቱ!