በጠራ ቀን የሚጠፋው መሣሪያ

ከጎንደር መነሻ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት

እውነቱን ልናገር፤ ለዚህ ጉዞ የተነሣሁት ተናድጄ ነው። ከደባርቅ ወጣ ብላ ባለች ጓሳ ሜዳ በምትባል መንደር፣ በአንዲት ሴት የድንች ማሳ ዳር የተከልነው መሣሪያ እየሠራ ያቋርጣል። የሚያቋርጠው ደግሞ ፀሐይ ፏ ብላ በወጣችበት ቀን ነው። ኃይሉን የሚያገኘው ከፀሐይ ሆኖ ሳለ፣ ደመና በሆነ ቀን ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ጭጭ ይላል። እኔ የኔትወርክ መምህርት ነኝ። የምመራመረውም ዕቃዎች በኢንተርኔት አማካይነት እንዴት ያዩትን እንደሚናገሩ ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር የሚልከው መረጃ የሚታይበት ግራፍ ላይ አፍጥጬ ምንም ጠብ ያለልኝ ነገር የለም።

የመሣሪያው ሥራ ቀላል ነው። የአየሩንና የአፈሩን ቅዝቃዜ፣ እርጥበቱንና ነፋሱን በየሩብ ሰዓቱ ይለካል። የለካውን በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ላቆምነው መቀበያ ይልካል፤ መቀበያው በሲም ካርድ ወደ ሩቅ ኮምፒውተሮች ያሻግረዋል። እዚያ ያለው ፕሮግራማችን ያሰላና ሌሊቱን ውርጭ የሚጥል ከሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ በስልክ መልእክት ያስጠነቅቃል። የማሳው ባለቤት እቴ ስንዱ ናቸው። ለመንደሩ የዘር ድንች የሚያባዙት እሳቸው ሲሆኑ፣ አምና ውርጭ ማሳውን በአንድ ሌሊት አጥቁሮባቸዋል። ዘንድሮ ያለ የሌለ ዘራቸውን በእኛ ቃል ተማምነው በመስኖ ዘሩት። ይህ ደግሞ ከጠፋ መንደሩ ለከርሞ የሚዘራው የለውም።

አብሮኝ የሚሠራው ብርሃኑ «ሙቀቱ ነው፤ የባትሪውን መቆጣጠሪያ እያቃጠለው ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ደግሞ «ደባርቅ ላይ ምን ሙቀት አለ?» እያልሁ ስንከራከር ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ አዲስ ባትሪና አዲስ መቆጣጠሪያ ይዘን እንሂድ ተባባልን። ከቀሐ ወንዝ በታች ካለው ቤቴ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ስወርድ፣ ብርሃኑ ባትሪውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ቆሞ አገኘሁት።

በመንገድ

የሚኒባሱ ሾፌር ጆንያውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና «ይሄ እንደ አንድ ሰው ይከፍላል» አለ።

«ሰው ነው እንዴ?» አልሁት።

«ሰው ቢሆንማ ጠጋ በል እለው ነበር።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ንዴቴ ትንሽ በረደልኝ። ለባትሪው ሙሉ ወንበር ከፈልንና መሐላችን አስቀመጥነው። ወለቃን ስናልፍ የሸክላ መሸጫዎቹ ገና አልተከፈቱም ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ በልጅነታቸው የሚያውቋቸው ቤተ እስራኤል ባለ እጆች የሠሩት ጀበና እስካሁን ቤታቸው እንዳለ፣ ሰዎቹ ግን ከሄዱ ብዙ ዘመን እንደሆነ ነገሩኝ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪናው ሲቆም የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን በመስኮት ገባ። ብርሃኑ አንድ ገዝቶ አንገቱ ላይ አደረገው። ከዚያ እስከ ዳባት ድረስ ሽታው ከእኛ ጋር ተጓዘ።

ከዳባት በኋላ አገሩ ይከፈታል። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየሜዳው ቆሟል፤ አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፤ ሰማዩ ላይ የደመና ዘር የለም። እኔ ግን በመልክአ ምድሩ መደሰት ሲገባኝ ስልኬን አውጥቼ ግራፉን አየሁ። እንደ ፈራሁት ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። «ይኸው ዛሬም ሞተ» ብዬ ለብርሃኑ አሳየሁት። «አላልሁሽም? ፀሐይ ነው» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ደባርቅ፣ አምስት ሰዓት ተኩል

ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ጾም ነው። ከአስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ምግብ ቤት ሽሮና የተቀቀለ ድንች በላን። አሳላፊዋ ወዴት እንደምንሄድ ስትሰማ «ጓሳ ሜዳ? እዚያማ ውርጩ ጥርስ አለው» አለች። እንዲህ ያለውን ነገር እየሰማሁ ምግብ አልወርድልሽ አለኝ። ከዚያ በባጃጅ ጠጠር መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄድን፤ የቀረውን አንድ ሰዓት ያህል ባትሪውን ተራ በተራ እየተሸከምን በእግር ወጣን። ብርሃኑ ዳገቱ መሐል ቆሞ «ከእንግዲህ ስለ ገመድ አልባ ነገር ስታስተምሪ ይህን ዳገት ጨምሪበት» አለ።

ጓሳ ሜዳ፣ ስምንት ሰዓት

እቴ ስንዱ ማሳቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ይኮተኩቱ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲያወሩ ሰው ዓይን ውስጥ የሚያዩ ሴት ናቸው። ሰላምታው እንዳለቀ እጄን ይዘው ወደ ማሳው ጥግ ወሰዱኝ። እዚያ ጋ ጥቂት መደብ ቅጠሉ ተለብልቦ ጠቁሯል።

«ከትናንት በስቲያ ሌሊት ነው። ዳር ዳሩን ብቻ ቀመሰው» አሉ።

«መልእክት አልደረሰዎትም?»

«ምንም አልመጣልኝ።»

ያ ቀን ግራፉ ላይ ባዶ ከነበሩት ቀናት አንዱ ነው። የቀረው ማሳ ለምለም አረንጓዴ ነው፤ ግን እስከ መቼ? በዚህ መሐል አያ ጫኔ መጡ። የእቴ ስንዱ የሟች ባላቸው ወንድም ናቸው። መሣሪያውን እንዲጠብቁ የመረጥነውም ያሠለጠነውም እሳቸውን ነው።

«ምነው ይህን ያህል ሸክም?» አሉ ጆንያውን አይተው።

«መሣሪያው ታሞብናል አያ። ልናድነው መጥተን ነው።»

«የቱ? ይሄ? ይሄማ ሸጋ ነው፤ ምንም አልነካው።»

ብርሃኑ ሣጥኑን ከፈተ። ከፈተና ቀና ብሎ አየኝ። ማጥፊያው ወደ ታች ተጭኗል። ባትሪው ሙሉ ነው፤ መቆጣጠሪያው ደህና ነው፤ ሽቦው አልተነካም። መሣሪያው የጠፋው ሰው አጥፍቶት ነው።

«አያ፣ ማን አጠፋው?» አልሁ፤ ድምፄ ትንሽ ሳይሻክር አልቀረም።

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን ይነካዋል?» አሉ በኩራት። «ጠዋት ጠዋት ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። ደመና ካለ አበራዋለሁ። ከሌለ አጠፋዋለሁ።»

«ለምን?»

ጥያቄዬ ገረማቸው። «ደመና ከሌለማ የት ላይ ያስቀምጠዋል? ባትሪውን በከንቱ ልጨርሰው?»

ወይ ጉዴ። የመስከረሙ ሥልጠና ከነ ቃሉ መጣብኝ። ብርሃኑ ሩቅ ያሉትን ኮምፒውተሮች «ክላውድ» እያለ ሲያስረዳ በሰው ፊት ገሥጬው ነበር። «ሕዝቡ በሚገባው በአማርኛ ተናገር» ብዬ እኔው ቆምሁና «መረጃው ደመና ላይ ይቀመጣል፤ መልእክቱም ከደመናው ወደ ስልካችሁ ይወርዳል» አልሁ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ገባቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስሁት። ደግሞ ብርሃኑ በመጨረሻ «ሥራ በማይሠራበት ጊዜ አጥፉት፣ ባትሪ ይቆጥባል» ብሎ ጨመረበት። አያ ጫኔ ሁለታችንንም ሰምተው፣ የሰሙትን አንዲት ሳይዘነጉ ፈጽመዋል።

ብርሃኑ ሳቁን መያዝ አቅቶት ባትሪው ላይ ተቀመጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ግን አያ» አልሁ ለማምለጥ ያህል፣ «ውርጭ የሚጥለው ሰማይ ሲጠራ አይደለም እንዴ?»

«ይህንማ ማን ያጣዋል? እናንተ ግን የደመና ነው አላችሁ። እኛ በረዶ ከደመና ስለሚወርድ ለበረዶው መስሎን።»

እቴ ስንዱ ቀስ ብለው «እኔማ የውርጩን ሌላ ጊዜ ያመጡልናል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር» አሉ። ይህን ሲሉ ሳቁ ቆመ። ብርሃኑም ከባትሪው ላይ ተነሣ።

ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማምሻ

መሣሪያውን አበራንና ስልኬ ላይ ግራፉ ነፍስ ሲዘራ አየሁ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው፤ ነፋሱም እየሞተ ሄደ። ታዲያ እቴ ስንዱ ያስረዱኝ ነገር አለ፤ ሰማይ በጠራ ቁጥር ውርጭ አይጥልም። ማሳውን በገለባ መሸፈን ደግሞ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ በየማታው ጎረቤት ቢጠሩ ሦስተኛው ቀን ላይ የሚመጣ የለም። አምና የሆነውም ይኸው ነው። ሁለት ማታ ሸፍነው ምንም ሳይጥል ቀረ፤ በሦስተኛው ሰውን ለማስቸገር አፈሩና ተዉት፤ ያን ሌሊት መጣ። «የቱ ሌሊት እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። የቀረውን እኔ አላጣውም» አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልካቸው ድምፅ ሰጠ። ለእኔ ሊሰጡኝ ሲሉ ለአያ ጫኔ ይስጧቸው አልሁ። እሳቸው በመሠረተ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠሩት፤ መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡ፤ «ዛሬ ሌሊት... ውርጭ... ይጠበቃል። ቡቃያውን... ይሸፍኑ።»

እቴ ስንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «ትምያለሽ?»

ፕሮግራሙን ስንሠራ የተከራከርንበት፣ የተጠራጠርሁበት ሁሉ መጣብኝ። «እምላለሁ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሩጫ ነው። አያ ጫኔ አፋፉ ላይ ወጥተው ተጣሩ፤ ሰው ከየቤቱ ገለባ በቁና፣ በጆንያ፣ በነጠላ ጭምር እየያዘ መጣ። እኔም ተሸከምሁ። ገለባው አንገቴ ውስጥ ገብቶ ያሳክከኛል፤ አንዲት ሴት ደግሞ «መምህርት፣ ድንቹን አልብሺው እንጂ አትቅበሪው» እያለች ታሾፍብኛለች። ጨለም ሲል ማሳው በሙሉ ተሸፈነ። እቤት ገብተን ከእሳቱ ዳር ጥብስ ድንች በተልባ እየበላን ሳለ አያ ጫኔ ጠየቁኝ።

«እንግዲያ ደመናው ካልሆነ፣ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ሩቅ አገር ትልልቅ ቤቶች አሉ አያ። ውስጣቸው ኮምፒውተር ብቻ ነው። የብዙ ሰው መረጃ እዚያ ይከማቻል፤ ሁሉም በፈለገ ጊዜ የራሱን ያወጣል።»

አያ ጫኔ ድንቻቸውን አስቀመጡ። «ይሄማ ጎተራ ነው» አሉ። «ምነው ጎተራ አላላችሁም?»

ብርሃኑ እኔን ላለማየት ብሎ ድንቹን ልጦ ልጦ ጨረሰው።

ንጋት

አያ ጫኔ በሩን ሲከፍቱ ሜዳው ነጭ ነበር። ሣሩ፣ አጥሩ፣ የተረሳ ድግር ሳይቀር አመዳይ ለብሷል፤ ስንረግጠው ከእግራችን በታች ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ እስክትሞቅ ጠበቅን። ከዚያ እቴ ስንዱ ተንበረከኩና ከአንዱ መደብ ላይ ገለባውን በእጃቸው ገለጡ። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛውን ገለጡ፣ ሦስተኛውን፤ ሁሉም ደህና ነው። መሬት ላይ ቁጭ አሉና እልል አሉ። ጎረቤቱ ከየደጁ ተቀበላቸው። እኔ አለቀስሁ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ።

ጎንደር

ባትሪውን ለትምህርት ቤቱ ትተን ባዶ እጃችንን ተመለስን። ቤቴ እንደገባሁ የሥልጠናውን ጽሑፍ ከፍቼ «ደመና» ባለበት ሁሉ «ጎተራ» ብዬ ተካሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይህ ነው፤ ስንት ዓመት አስተምሬ «ገባችሁ?» እንጂ «ምን ሰማችሁ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ እቴ ስንዱ ደወሉ። «ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ መልእክት ግን አልመጣም። ጠፍቶ ነው ወይስ አይጥልም?»

ከፍቼ አየሁ። መሣሪያው በርቷል፤ ነፋስ አለ፤ ቅዝቃዜውም ለውርጭ አይደርስም። ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ ሲቀር ሰው ምን ይበል የሚለውን አስበንበት አናውቅም ነበርና ከነገ ጀምሮ በየማታው፣ ይጥላል ወይም አይጥልም የሚል መልእክት እንዲላክ ወሰንሁ። «አይጥልም እቴ ስንዱ» አልሁ።

«እንግዲያ አንሸፍንም። ደህና እደሪ» ብለው ዘጉት። አንድም ጥያቄ አልጨመሩም።

እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። ገና ሲነጋጋ ደወልሁላቸው።

«ድንቹ እንዴት አደረ?»

«ድንቹማ ሸጋ ነው» አሉ እቴ ስንዱ፤ ከእንቅልፍ የተነሡ ይመስላል። «እኛ ተኝተን አደርን። ምነው፣ አንቺ አልተኛሽም እንዴ?»