ማንም ያልዘለለው ግዙፍ

ልጅ እያለሁ ትልቁ ጭንቀቴ ቁመቴ ነበር፤ ከእኩዮቼ ሁሉ አጭር ነበርኩ። እናቴ ከተማው ማዶ ሄሊዮፖሊስ ሰው ቤት እያደረች ትሠራለች፤ እኔ ጊዛ ውስጥ ቡላቅ አል-ዳክሩር በሚባል ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ከደባላችን ከእትዬ ሰብለ ጋር ሆኜ ዓርብ ዓርብ እጠብቃታለሁ። ልብሷ የሰው ቤት ሳሙና እየሸተተ ትመጣለች፤ ሽታው ከሄደችም በኋላ ትራሴ ላይ ይቆይ ነበር።

አብዮቱ የፈነዳ ሳምንት ግን አልመጣችም። ስልክ ተቋረጠ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሰፈሩ ወንዶች ዱላ ይዘው መንገዱን ይጠብቁ ጀመር። እትዬ ሰብለ ጥይት ፈርታ የምተኛበትን ፍራሽ ከመስኮቱ አርቃ በሩ አጠገብ ዘረጋችው። ከዚያ ወዲያ ውሃ ለመቅዳትም ስትወጣ እኔን መዝለል ግድ ሆነባት።

«ዘለልሽኝ! ተመለሽ!» እያልኩ እጮህባታለሁ። የተኛ ልጅ ከተዘለለ እንደማያድግ፣ የዘለለው ሰው በመጣበት ካልተመለሰ ድንክ ሆኖ እንደሚቀር የማያውቅ ሐበሻ የት አለ?

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እንግሊዝኛ የምታስጠናኝ እሷ ነበረች። አንድ ቀን «ኮሎሳል» የሚል ቃል አመጣች። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ከግዙፍም ግዙፍ» አለችኝ። ድሮ ግሪኮች የዚህን አገር ነገሥታት ትልልቅ ሐውልቶች አይተው «ኮሎሶስ» እንዳሏቸው፣ ኋላም ሮድስ በምትባል ደሴታቸው ያቆሙት የነሐስ ግዙፍ በዚያው ስም ተጠርቶ ቃሉን በዓለም እንዳዳረሰው ነገረችኝ። ከድንጋይ ነገሥታቱ አንዱ ከጊዛ ወጣ ብሎ ዛሬም በጀርባው ተንጋሎ እንደተኛ ስትጨምርልኝ፣ «እሱንማ ማንም አልዘለለውም!» አልኳት። እናቴ ከቀረች ወዲህ እትዬ ሰብለ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

እኔ ግን ሌላ ሐሳብ ገባኝ። እንደዚያ ግዙፍ ተኝቼ ባድግና እናቴ ስትመጣ ባታውቀኝስ? ከዚያ በኋላ እትዬ ሰብለ ስትዘለኝ ዝም አልኩ። እንዲያውም ሆን ብዬ መተላለፊያው ላይ እጋደም ነበር። እናቴ እስክትመጣ ማደግ አልፈለግሁም።

የመጣችው አንድ ከሰዓት፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ሳለ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተጉዛ፣ በሩን ከፍታ ዘላኝ ገባች። ወዲያው «ውይ ልጄን!» ብላ በመጣችበት ተመለሰች። ዓይኔን ስገልጥ አቧራ የጠጣ ጫማዋ ደጃፉ ላይ ነበር። «ማሌሽ፣ የኔ እናት፣ ማሌሽ» እያለች ይቅርታ ትለምነኛለች። እግሯን አቅፌ አለቀስኩ።

ዛሬ እናቴ ከትከሻዬ አታልፍም። ሥራው ቀርቶላት ከኔ ጋር ትኖራለች፤ ቀትር ላይ ምንጣፉ ላይ ጋደም ማለት ትወዳለች። ከእንግዲህ እንደማታድግ አውቃለሁ፤ እንዲያውም ዓመት በዓመት እያነሰችብኝ ነው። ቢሆንም አልዘላትም፤ ዞሬ አልፋለሁ።