ሞተሩ ውስጥ የተገኘው ውኃ

እኔ ሰው በቀላሉ አላምንም። ቤተሰቤም ይህን ስለሚያውቅ «ካልታዘልኩ አላምንም ያለችው ሙሽራ ያንተ ዘመድ ናት» እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እኮ ለእነሱ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም።

ስለዚህ ከዛሪማ ተመልሼ የአባቴ ማኪና አልነሳ ስትለኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት ሞተሩን ሳይሆን ወንድሜን ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በጫማው ጫፍ አፈር ይጭር ነበር። ጥፋት የሌለበት ሰው አፈር አይጭርም ብዬ በሆዴ ያዝኩት።

ማኪናዋ አሮጌ ፒክአፕ ናት። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ እግሩ ሲደክም፣ ለንግሥ በጠሩት ቁጥር በቅሎ መለመን ሲሰለቸው፣ በስተርጅናው ገዛት። ሲያርፍ ለእኔና ለታናሼ ቀረች። እኔ ዛሪማ አስተምራለሁ፤ ታናሼ ከእናታችን ጋር እዚሁ ጎንደር፣ ከፒያሳ ወደ ላይ ባለው ቤታችን ይኖራል። አባቴ ከሞተ ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ክፉ ሆነ። ሰው በጠዋት ወጥቶ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። እኔ መንገድ ተዘግቶብኝ እዚያው ዛሪማ ቀረሁ፤ ማኪናዋም ግቢ ውስጥ፣ ግራዋው ሥር፣ ሸራ ለብሳ ቆመች።

በዚያን ጊዜ ስልክ በሠራ ቁጥር ታናሼ ይጨቀጭቀኝ ነበር። «አያ፣ ፍቀድልኝ። ኮላ ድባ ወርጄ እህል ላመላልስ» ይለኛል። ከወር እስከ ወር ያለ ሥራ ተቀምጦ የእናቱን እጅ ማየት መሮታል። እኔ ደግሞ የሁለታችን ናትና እስክመጣ ትቁም እለዋለሁ። አንድ ቀን ደውሎ «እንዲያው ላሙቃት ብል አልነሳ አለች» አለኝ። ያቺ «ላሙቃት ብል» ከሆዴ አልወጣችም። ደብቆ ነድቷት፣ አቃጥሏት፣ መልሶ ሸራዋን አለበሳት ብዬ ደመደምኩ።

የጠራሁት መካኒክ ከድሮ ጀምሮ በንግድ ከሚታወቅ የእስላም ቤተሰብ የተወለደ፣ ሱቁን ለወንድሞቹ ትቶ ወደ ብረት የገባ ሰው ነው። መሣሪያውን በማዳበሪያ ከረጢት ጭኖ በባጃጅ መጣ። ኮፈኑን ከፈተ፤ ከፊት ባለው ትልቅ ብሎን ላይ ቁልፍ አግብቶ፣ ቧንቧ ቀጥሎ ገፋ። ማኪናዋ በሙሉ ተወዛወዘች፤ ሞተሩ ግን ፍንክች አላለም።

«ተጣብቋል» አለ።

«ሲነዳ ነው ወይስ ቆሞ?» አልኩት ታናሼን በጎን እያየሁ።

«እሱን ካንዴላው ተነቅሎ ነው የሚታወቀው» አለኝ።

ከሞተሩ አናት እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ነቀለ። ሽቦ ጫፍ ላይ ጥጥ ጠምጥሞ ወደ ቀዳዳው አስገባና ሲያወጣው ጥጡ የዝገት ጭቃ ይዞ ወጣ። ከዝገቱ ጋር የተለወሰ ግራጫ ነገርም አለበት። መካኒኩ በጣቱ አሸት አሸት አደረገው፤ አሸተተው።

«የተቃጠለስ አይደለም። ውኃ ነው የገባበት» አለ።

«ዝናብ?»

«ዝናብ ቢሆን ከላይ ያለው ሁሉ ይዝግ ነበር። ይህ በአየር ማጣሪያው በኩል የገባ ነው። ሰው ነው ያፈሰሰው፤ አንድ ጊዜም አይመስለኝ። ግራጫው ደግሞ አመድ ነገር ነው።»

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የአየር ማጣሪያው ክዳን በእጅ በምትዞር አንዲት ብሎን የተያዘ ነው። በብርድ ጠዋት አባቴ «አፏን እንክፈትላት» ይልና ያቺን ብሎን ፈትቶ፣ እናቴ ከምታቀብለው ጠርሙስ ቤንዚን ጠብ ያደርግባታል፤ ያኔ ትነሳለች። ይህን የሚያውቀው ቤተኛ ብቻ ነው። ሌባ ቢሆን ጎማ ይፈታል፣ ባትሪ ይወስዳል እንጂ፣ አመድ በጥብጦ አፏ ውስጥ ምን ያደርጋል? ይህን ያደረገ ሰው ማኪናዋን የፈለጋት ሞታ ነው። ብረት ሆና ስትቀር እኔ ተስፋ ቆርጬ ድርሻዬን እንድተውለት ነው አልኩ። ታናሼ አጠገቤ ቆሞ አፉን ከፍቶ ቀዳዳውን ያያል። አይ ተዋናይ፣ አልኩ በልቤ።

መካኒኩ ናፍጣና የፍሬን ዘይት ደባልቆ በየቀዳዳው ሞላና «አሁን መተው ነው፤ እየሰረሰረ ይግባ። ስመጣ እየጨመርኩ እነቀንቀዋለሁ። በጉልበት ቢዞር የፒስተኑ ቀለበት ይሰበራል» አለኝ። እሱንም ጠረጠርኩት። ስንቱ ነው ደህናውን ዕቃ ፈትቶ የሞተውን የሚገጥም! ሲሠራ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጁን አያለሁ። ሲሄድ ካንዴላዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ እከታለሁ።

«ትራስህ ሥር ልታሳድራቸው ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሸጋ። ብርድ እንዳይመታቸው ታዲያ» አለና ሳቀብኝ።

እናቴ በየቀኑ ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣና ትንሽ ራቅ ብላ ትቆማለች። «ይፈታ ይሆን?» ትለዋለች። «ይፈታል እናታችን፤ ብቻ ጊዜ ይፈልጋል» ይላታል። ራሷን ትነቀንቅና «እግዜር የያዘውን ሰው ይፈታዋል?» ብላ ትገባለች። ልጄ ሥራ ሊያጣ ነው ብላ ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። ለእናት ልጇ ሁሉ ደግ ስለሆነ እሷን ምንም አልጠየቅኋትም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አላስችል አለኝና ታናሼን ግራዋው ሥር ጠራሁት።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ውኃውን ያፈሰስከው አንተ ነህ» አልኩት።

«አይደለሁም አያ።»

«አፏ የት እንደሆነ ከአንተና ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔ እንጀራዬ ናት ብዬ የምለምንህን ማኪና ምን ብዬ እገድላለሁ? ምነው እንዲህ ጨከንክብኝ?»

«እንግዲያው የደብራችን ደጅ ላይ ማል» አልኩት።

በእኛ ቤት መሐላ ቀልድ አይደለም። አባቴ በእውነት እንኳ መማል ነውር ነው፣ የመሪጌታ ልጅ ቃሉ ይበቃዋል እያለ ነው ያሳደገን። ወንድም ወንድሙን ደብር ወስዶ ካስማለ፣ ከዚያ ወዲያ አብረው ቢበሉም ወንድምነቱ አለቀ ማለት ነው። ታናሼ ይህን ከእኔ እኩል ያውቃል። ፊቱ ጠቆረ።

«እሺ» አለ። «ነገ ቅዳሴ ሲወጣ እምላለሁ። ከማልኩ በኋላ ግን አያ ብዬ አልጠራህም። ከዚህ ቤትም እወጣለሁ።»

ተው የሚል ድምፅ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን ከጀመርኩ የማልመለስ ሰው ነኝ። እሺ ብዬው ገባሁ።

በማግስቱ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን ሁለታችን በሩ ጋ ቆየን። እናቴ ከኋላችን ስትከተል አይቻታለሁ፤ የነገራት ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ታናሼ ጫማውን አወለቀ። የበሩን መቃን በግራ እጁ ያዘና ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ይህች ደብር ትፍረድብኝ፣ እኔ በዚያች ማኪና ላይ…» ብሎ ሲጀምር እናቴ ደረሰችና ያነሳውን እጁን ያዘችው።

«ተው ልጄ፣ አትማል። እኔ ነኝ» አለች።

ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እጁን ግን አልለቀቀችውም።

«አልሰማም አለኝ» አለች ወደ እኔ እያየች። «አንተ ከሩቅ ትቁም ትላለህ፤ እሱ ግን ሊወጣ ቤንዚን ያፈላልጋል። ቁልፉን ብደብቅ አገኘው። የዚያች የጎረቤታችን ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ አልተመለሰም፤ ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ስመለስ ይኸኛው ጎማ ያስነፋል። ምን ላድርግ?»

«እና ውኃ ታፈሺበታለሽ?» አልኳት።

ተቆጣች። «ውኃማ ክፋት ነው! የልጄን እንጀራ አላበላሽም። ጸበል ነው ያፈሰስኩ። እምነት በጥብጬ፣ አባትህ በሚያጠጣት በኩል። ፈቃድህ ከሆነ ትሂድ፣ ካልሆነ ግን አንተ ያዛት ብዬ ለመንኩት። ከጸበል በተመለስኩ ቁጥር ሰጠኋት። ያዛት።»

ያ ግራጫ አመድ ታዲያ እምነት ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ግንባሬን ስትቀባኝ የኖረችው ያው የጸበል ቦታ አመድ፤ ሳየው አላወቅሁትም። ታናሼ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ይሳቅ ያልቅስ አልገባኝም።

እኔ ግን ተናደድኩ። «ልጅሽ እጁን እስኪያነሳ ድረስ ምነው ዝም አልሽ?»

«ያ መካኒክ አልፈታ ብሎት ይተወዋል ብዬ ነዋ» አለች። «መንገዱ ዛሬስ ምን አማን አለው?»

 

ሞተሩ የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። መካኒኩ ማርሽ አስገባና እኔና ታናሼን ከኋላ አቆመን። «በቀስታ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤ እንደ እሹሩሩ» አለን። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንወዘውዛለን። አንድ ጊዜ ከሆዷ ቀጭን የሲጢጥታ ድምፅ ወጣ፤ ጎማዋ የጣት ያህል ሄደ። «ቁሙ!» አለን። መልሰን ወደ ኋላ ሳብናት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሲለቅ፣ ታናሼ ሳያስበው «አያ፣ ለቀቀች» አለኝ። አያ አለኝ። እኔም የሰማሁ አልመሰልኩም፤ ደስታዬን ግን ከትከሻዬ ሳይቀር ያወቀው ይመስለኛል።

መካኒኩ ውስጧን አጠበ፣ ዘይት ቀየረ፣ ካንዴላዎቹን ከኪሴ ተቀበለ። ነጭ ጭስ ግቢውን እስኪሞላው እያስነጠሰች ተነሳች። ውኃውን ያፈሰሰው ማን እንደሆነ ሳጫውተው ብዙ ሳቀ። «እኛ ቤት ዱዓ ይደረግባታል እንጂ አይፈስባትም» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና «የእኔም እናት ብታውቅበት ታደርገው ነበር» አለ።

እኔም ፈቀድኩለትና፣ ታናሼ ኮላ ድባ ሊወርድ በቆረጠው ቀን ዋዜማ፣ እናቴ ከጸበል ተመለሰች። ጠርሙሱ ሙሉ ነው። ማድጋው አጠገብ አስቀመጠችው። አየሁት፤ እንዳየሁትም አየች። 

ጠዋት ስነሳ ጠርሙሱ ባዶ ነው።

ጫማዬን ሳላጠልቅ ወደ ማኪናዋ ሮጥኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ብሎኗን ፈትቼ ጣቴን ከታሁ፤ ደረቅ ነው። የዘይት መለኪያውን መዝዤ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ንጹሕ ዘይት ነው። የነዳጅ ጋኑንም ከፍቼ አሸተትኩ፤ ቤንዚን ነው። ታናሼ ከረጢቶቹን እየጫነ «ምን ጠፋህ?» ሲለኝ «ምንም» ብዬው ወደ ቤት ተመለስኩ።

እናቴ መደቡ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ጸበሉን የት አደረስሽው?»

«ጠጣሁት።»

«ያን ሁሉ?»

«ያን ሁሉ። ማኪናዋን እንደያዛት እኔንም ይያዘኝ ብዬ፤ ወጥቼ እንዳላስቀረው» አለች።

ውጭ ታናሼ በሩን ክፈቱልኝ እያለ ጥሩምባውን ነፋ። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ፤ እጇ ጉልበቷን ጨመቀ፤ እሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ወጥቼ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።