የግሪኩ ሐውልት እና የፎቶው ቦታ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡት አለቃዬ ጋሽ ተፈራ መሮና መዶሻ ሰጡኝና፣ «ድንጋይ ከመንካትህ በፊት ሟቹ ማን እንደሆነ ጠይቅ» አሉኝ። አሶሳ ውስጥ የመቃብር ሐውልት ነበር የምንሠራው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ጋሽ ተፈራ ጤና ጣቢያውን በክፉ ዓይን ያዩታል።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሕንዳዊ ዶክተር የአንድ ጥንታዊ ዓምድ ሥዕል ይዘው መጡ። ድሮ አንድ የግሪክ መልእክተኛ ሕንድ ሄዶ የሕንዶቹን አምላክ ወደደና፣ በእነሱው ፊደል አስጽፎ ያቆመው ነው አሉን።

«ወደ አገሬ ልመለስ ነው። ሳልሄድ ግቢያችን ውስጥ አምሳያው ቆሞ ልየው።»

ጋሽ ተፈራ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር። መቼ ነው ያረፉት?»

«ግሪኩ? ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት።»

«ቤተሰቡ ሐውልት ለማቆም ዘግይቷል» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ፎቶውስ?»

ዶክተሩ ሳቁ። «በዚያ ዘመን ካሜራ የለም።»

ያለንን አንድ ትልቅ እብነ በረድ አወጣን። ከታች ስምንት ጎን፣ ከፍ ሲል ዐሥራ ስድስት አድርገን ጠረብነው፤ እንደ ሥዕሉም አናቱ ላይ ወፍ አስቀመጥን። ጽሑፉን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አንዱንም ፊደል ስለማላውቀው፣ ተሳስቼ እንደሆነ ግሪኩ ይፍረድብኝ።

ሊያልቅ ሲል ምሳ በልቼ ስመለስ፣ ጋሽ ተፈራ ከጽሑፉ በላይ ሞላላ ጉድጓድ ቆፍረዋል። የፎቶ ማስገቢያ!

«ጋሼ! ፎቶ የለውም አልተባልንም እንዴ?»

«ፎቶ ባይኖር ቦታው ይኑር። ሐውልት አይደል?»

ተናደድኩ። ሌላ ድንጋይ የለንም፣ ዶክተሩ ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ። አልቀበልም ቢሉን ለማን እንሸጠዋለን? አሶሳ ውስጥ ሌላ ግሪክ አልሞተም።

ዶክተሩ መጥተው ጉድጓዱን በጣታቸው ዳበሱት። ጋሽ ተፈራ መሬት መሬት እያዩ፣ «በእኛ ወግ ሐውልት ያለ ፎቶ ባዶ ነው» አሉ።

«ግሪኩም ያቆመው በሰው አገር ወግ ነው» አሉና ዶክተሩ ከቦርሳቸው የራሳቸውን ጉርድ ፎቶ አወጡ። «ይህን አስገቡበት።» ከደስታዬ ብዛት ምንም አልተከራከርኩም።

አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ የግቢው ጥበቃ አብዱልቃድር ደወለልኝ። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አማርኛን በራሱ መንገድ ይነዳታል።

«ወላሂ፣ ተማሪ ሁሉ እዚያ ይቆማል፣ ኮፍያ ያወልቃል፣ ነፍስ ይማር ይላል። ዶክተር ሞተ እንዴ?»

ደንግጠን ሕንድ ደወልን። ስልኩን ዶክተሩ ራሳቸው አነሱት። ጋሽ ተፈራ ነገሩን ነግረው፣ ፎቶውን ከሐውልቱ እናውጣው ወይ ብለው ጠየቁ።

«ተዉት» አሉ ዶክተሩ እየሳቁ። «እዚያ ሳስተምር አንድም ተማሪ ኮፍያውን አውልቆልኝ አያውቅም።»

ለጀማሪዎች፦ የፎቶ ቦታ የሚቆፈረው ፎቶው ከመጣ በኋላ ነው።