ጋይንትና ስማዳ በአንድ ቀንበር

በጃንሆይ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራችን አገሮች እንዴት እንደሚዋሐዱ ሲያስተምሩን፣ «በትንሽ ነገር ይጀምራሉ፤ ሌላው እየተሳበ ይመጣል» አሉን። ይህን ለመስማት ነው ከጋይንት አዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት ብዬ ተናደድሁ።

አባቴና ከወንዝ ማዶ ያለ አንድ የስማዳ ገበሬ ያላቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለነበር፣ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሱ ነበር። ከመቀናጆው ደቦ መጣ። ከደቦው በኋላ በአንድ ማኅበር ጽዋ መጠጣት ጀመሩ። በመጨረሻም እህቴ ለሰውዬው ልጅ ተዳረች።

እጄን አውጥቼ ይህን ብነግራቸው መምህሩ ፊታቸው በራ።

«እንግዲህ ሁሉም ተዋሐደ ማለት ነው» አሉኝ።

«ከሁለቱ በሬዎች በቀር» አልኋቸው። «እነሱ ዛሬም ቀንበሩ ከወረደላቸው ይዋጋሉ።»